ብሩሽና ጡጦ

ሠዓሊና ሕፃን የሚጣሉት በቀለም አይደለም፤ በብርሃን ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት የቀኑን ያንኑ ሰዓት ነው። ሠዓሊ ቀለሙን በትክክል የሚያየው ጀምበር ከፍ ካለችበት እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሲሆን፣ ሕፃንም የሚሮጠው፣ የሚወድቀው፣ የሚያለቅሰውና ሽንቱ የሚመጣው በዚያው ጊዜ ነው። ደራሲ ልጁን አስተኝቶ ሌሊት ሊጽፍ ይችላል። ሠዓሊ ይህን ሲሞክር አምፖሉ ያሞኘዋል፤ በቢጫ መብራት ሥር ፈዛዛ ቢጫና ነጭ ስለሚመሳሰሉ፣ ማታ የታጠበ ነጠላ አድርጎ የቀባውን ሲነጋ ቅቤ ፈስሶበት ያገኘዋል።

የአውሮፓ የሥዕል መጻሕፍት ስቱዲዮ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት እንዲኖረው ይመክራሉ። በእነሱ አገር ፀሐይ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትገኝ፣ በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ ብዙ አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ መጽሐፉን አምኖ መስኮቱን ያስከፈተ ሠዓሊ በግንቦት ፀሐይዋን ሸራው ላይ ያገኛታል። ልጁ ደግሞ ለማንኛውም መስኮት ግድ የለውም፤ በአራቱም አቅጣጫ ይመጣል።

ስለዚህ ትንሽ ልጅ ያለው ሠዓሊ የሥራ ቀን የሚባለው የልጁ የቀን እንቅልፍ ነው። ልጁ ምሳውን በልቶ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑን ማሸት ይጀምራል። ሠዓሊው ትከሻው ላይ አድርጎ እሹሩሩ እያለ፣ በተረፈው እጁ የቀለሙን ክዳን ይፈታል። ልጁ ይተኛል። ሸራው ላይ ያለችው ሴት ጉንጭ ትናንት ግራጫ መስሎ ስለቀረ፣ ዛሬ የሚያስፈልገው ጥቂት ቀይ፣ ጥቂት ኦክርና ብዙ ነጭ ነው። በቢላዋ ሲደባለቅ አንዴ ሮዝ ይበዛበታል፣ አንዴ ሸክላ ይመስላል፤ እንደ ምንም ብሎ ልኩ ይመጣል። ሠዓሊው ብሩሹን ነክሮ ክንዱን ሲያነሳ ከታች ከግቢው “ቆራሌው!” የሚል ድምፅ ያስተጋባል። ልጁ ይነቃል። ጡጦ ተሰጥቶት፣ ሱሪው ተቀይሮለት፣ ቆራሌው ለምን ቆራሌው እንደሚል ተብራርቶለት ሲያበቃ ያ ልክ የመጣ ቀለም፣ አክሪሊክ ነበርና፣ ሳህኑ ላይ ደርቆ ይገኛል።

ቀጥሎ የቦታ ጉዳይ ይመጣል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መለኪያ ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሶፋ፣ ቡፌና የእንጀራ ምጣድ ሲቀነስ ለሸራ የሚተርፈው ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ እሱንም የያዘው ሰው አለ። ሠዓሊ ደግሞ ሥራውን ከርቀት ለማየት በየጊዜው ወደ ኋላ መራመድ አለበት። ልጅ ባለበት ሳሎን ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው የሚረግጠው ወይ መጫወቻ መኪና ነው፣ ወይ ባለቤቱን። ስቱዲዮ ተከራይቶ መውጣት መፍትሔ ይመስላል። ኪራዩን ለመክፈል ግን ብዙ መሣል፣ ብዙ ለመሣል ከቤት ብዙ መጥፋት ያስፈልጋል፤ ማታ ሲመለሱ ልጁ “ይሄ ሰውዬ ማነው?” በሚል ዓይን ይቀበላል።

በቦታ ጥበት የሚያማርር ሠዓሊ ሁሉ የደልፍቱን ዮሐንስ ቨርሜርን ቢያስታውስ ይጽናናል። የሆላንዱ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1675 በ43 ዓመቱ ሲሞት 11 ልጆች ትቶ ነበር፤ ባለቤቱ ካታሪና የወለደቻቸው 15 ናቸው፣ አራቱ ገና በጨቅላነታቸው ሞተዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚኖረው በአማቱ በማሪያ ቲንስ ቤት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሲቆጠር፣ ሥዕል ይሠራበት በነበረው የላይኛው ክፍል ሁለት የሸራ ማቆሚያ፣ ሦስት ፓሌትና አሥር ሸራ ተመዝግቧል። እስከ ዛሬ የሚታወቁለት ሥራዎች 35 ገደማ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚያሳዩት ጸጥ ያለ ክፍል ነው፦ አንዲት ሴት ደብዳቤ ታነባለች፣ አንዲቱ ወተት ትቀዳለች፣ ብርሃኑ በግራ በኩል በመስኮት ይገባል። ከነዚህ የቤት ውስጥ ሥዕሎች በአንዱም ሕፃን የለም። ወለል ላይ የወደቀ ዳቦ፣ ግድግዳ ላይ የተጫረ ነገርም አይታይም። ልጆች የሚታዩት ከደጅ በተሣለው “ትንሿ ጎዳና” በተባለው ሥራው ነው፤ እነሱም ጀርባቸውን ሰጥተው መንገድ ዳር ይጫወታሉ። የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ስለዚህ ሰው ጸጥታ ብዙ ጽፈዋል። ልጅ ያሳደገ ተመልካች ግን ሥዕሉን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወይዘሮ ማሪያ በዚያ ሰዓት ልጆቹን የት ወስደዋቸው እንደነበር ነው።

ስዊድናዊው ካርል ላርሶንም እንዲሁ የአማት ውለታ አለበት። ሱንድቦርን ያለውን ቤት እ.ኤ.አ. በ1888 ለእሱና ለባለቤቱ ለካሪን የሰጡት የካሪን አባት ናቸው። ላርሶን ስምንት ልጆች ወልዶ፣ ከቨርሜር በተቃራኒ፣ ልጆቹን ከነጫማቸው፣ ከነድመታቸው፣ ከነኩርፊያቸው ሥሎ በ1899 “ቤት” በሚል ርዕስ በመጽሐፍ አሳተማቸው። ማምለጥ የማይችለውን ነገር የሥራው ርዕስ ማድረጉ ብልህነት ነው። ጥግ እንዲቆም ተቀጥቶ ያኮረፈ ልጅ እንኳ አላመለጠውም።

ከቦታው ቀጥሎ ዕቃው አለ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ተንኖ ሳይሆን የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ስለሚጠነክር ነው። ስስ ቅብ እንኳ ለእጅ እስኪደርቅ እንደ ቀለሙ ዓይነት ከሁለት ቀን እስከ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ቡናማው ኡምበር ቶሎ ሲደርቅ፣ ካድሚየም ቀይና ጥቁሩ ይለግማሉ። በእነዚህ ቀናት ሸራው ከልጅ እጅ በላይ መሰቀል አለበት። ልጁም በእነዚሁ ቀናት ወንበር መግፋት ይማራል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይብሳል፤ ብርዱና እርጥበቱ መድረቂያውን ጊዜ ያራዝመዋል፣ ትምህርት ቤትም ሐምሌና ነሐሴን ይዘጋል። ሥዕሉ አይደርቅም፣ ልጁም አይሄድም። ብዙ ወላጅ ሠዓሊዎች በደቂቃ ወደሚደርቀው አክሪሊክ የሚዞሩት በውበቱ ተማርከው አይደለም።

አንዱ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ቀለም የሚያቀጥነው አኳራጅ ሽታው ቢከረፋም መልኩ ውኃ ነው፤ በባዶ ሃይላንድ ተገልብጦ ከተቀመጠ ልጅ ውኃ መስሎት ይጎነጨዋል። ሲዋጥ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል አደገኛ ነው፤ እንዲያስታውክ ማድረግ ደግሞ አደጋውን ይጨምራል፣ ስለዚህ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። የስቱዲዮው ቁም ሳጥን ቁልፍ ከብሩሽ ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ይህ ሁሉ ከዋናው ጥያቄ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ልጁን ማን ይያዘው የሚለው ነው። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ትውልድ አስተምሯል፤ በግራ እጅ ልጅ ታቅፎ በቀኝ መሣልን ግን ሠዓሊ የሚማረው ከተመረቀ በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ነው። ፈረንሳዊቷ ኤሊዛቤት ቪዤ ለ ብሩን በትዝታ መጽሐፏ እንደጻፈችው፣ ልጇ ዡሊ በተወለደችበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ1780፣ ከስቱዲዮዋ አልወጣችም፤ ምጡ ጋብ ባለ ቁጥር ትሠራው የነበረው ሥዕል ቬነስ የኩፒድን ክንፍ ስታስር የሚያሳይ ነው። ክንፍ ያለውን ሕፃን ይዞ ማሰር ለሚመጣው ኑሮ ጥሩ ልምምድ ነው። የአምስተርዳሟ ራኼል ራውስ ደግሞ አሥር ልጆች ወልዳ፣ አበባ እየሣለች፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላም ብሩሽ አልጣለችም፤ በእርጅናዋ ሥዕሉ ላይ ከስሟ ጎን ዕድሜዋንም ትጽፍ ነበር። ባሏ ዩሪያን ፖል የሰው መልክ ሠዓሊ ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው የሚታወቀው በባልነቱ ነው።

እንዲህ ያለው ዕድል ግን ለሁሉም አልደረሰም። በርት ሞሪዞና እህቷ ኤድማ አብረው ሥዕል ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1864 ሳሎን በተባለው የፓሪስ ኤግዚቢሽን አብረው አሳይተው ነበር። ኤድማ በ1869 የባሕር ኃይል መኮንን አገባችና ብሩሹን ተወችው። ከሦስት ዓመት በኋላ በርት “የሕፃን አልጋ” የተባለውን ታዋቂ ሥራዋን ስትሠራ፣ ከተኛው ሕፃን አጠገብ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ኤድማ ናት። ከሁለቱ ሠዓሊዎች አንዷ ሥዕሉን ሠራች፣ አንዷ ሥዕሉ ውስጥ ገባች። የላርሶን ሚስት ካሪንም ከእሱ ጋር የተዋወቀችው ፈረንሳይ ውስጥ ሥዕል ስትማር ነበር። ልጆቹ ከመጡ በኋላ ሸራውን ትታ ወደ ሽመናና ወደ ቤት ዕቃ ንድፍ ዞረች፤ ባሏ የሣለው ያ የሚያምር ሳሎን ከነመጋረጃው የእሷ እጅ ሥራ ነው። በርት ራሷ ግን በ1878 ልጅ ስትወልድ የተሻለ ዕድል ገጠማት። በ1881 በሠራችው አንድ ሥዕል ባሏ ኤውዤን ማኔ አትክልት ቦታ ተቀምጦ፣ ልጃቸው ዡሊ ጭኑ ላይ መጫወቻዋን ዘርግታ ትታያለች። ሰውየው ልጅ ይይዛል፣ ሴትየዋ ትሥላለች፤ በዚያ ዘመን ብርቅ ነገር ነው፣ በዚህ ዘመንም ቢሆን ሙዚየም ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ሸክም የሚካፈሉት አያት፣ ሞግዚት፣ የጎረቤት ልጅና ቴሌቪዥን ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው እንደ ወሩ ገቢ ይለዋወጣል። አባት ሠዓሊ ሲሆን ስልክ ለደወለ ሰው “ሥራ ላይ ነው” ይባላል። እናት ሠዓሊ ስትሆን “አለች፣ ቤት ናት” ተብሎ ስልኩ ይሰጣታል፤ ደዋዩም የሚጠይቃት ስለ በርበሬ ነው።

ልጅ እንደ ሞዴል ሲታይ ጥቅሙ ክፍያ አለመጠየቁ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦጉስት ሬኑዋር የልጁን የዣንን ረጅም ፀጉር መሣል ይወድ ስለነበር ትምህርት ቤት እስኪገባ አላስቆረጠውም። ዣን እ.ኤ.አ. በ1894 ሲወለድ ልትይዘው የመጣችው ጋብርኤልም ብዙ ሳትቆይ ራሷ ሞዴል ሆና ሸራ ላይ ወጣች፤ ሞግዚት አገኘሁ ብላ ያረፈች ሚስት ምን እንዳለች መገመት አያዳግትም። የዘመኑ ልጅ ረግቶ የሚቀመጠው ሞባይል ሲሰጠው ነው። በዚህ የተነሳ በቅርብ የተሣሉ የልጆች መልኮች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አገጫቸውም ሥር ሰማያዊ ብርሃን አለ።

እንደ ረዳት ሲታይ ደግሞ “ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” የሚለው ተረት ይሠራል፤ ሸራ ሲዘጋጅ ቪናቪሉን አቡጀዲው ላይ ለመቀባት የተጋበዘ ልጅ ወንበሩንም ድመቷንም ይቀባል። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው አንገትና ሆድ የሌለው፣ እግሩ በቀጥታ ከራሱ የሚወጣ ሰው መሣል ይጀምራል። ይህ በመላው ዓለም ያለ የዕድገት ደረጃ ነው፤ ሠዓሊ አባትን የሚያናድደው ጎረቤት መጥቶ ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ካየ በኋላ የልጁን ማድነቁ ነው። ያለቀ ሸራ ላይ በልጅ የተጨመረ መስመር ሲገኝም ወይ በቢላዋ ይፋቃል፣ ወይ ሥዕሉ “ያለ ርዕስ” ተብሎ ዋጋው ይጨመራል።

የመጨረሻው ጉዳይ ገንዘብ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን ጠብቆ ይመጣል፤ ሥዕል ደግሞ ሲሻው ይሸጣል፣ ሲሻው ዓመት ግድግዳ ይደገፋል። የኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ልጅ ይዞ መምጣት አይመከርም፣ ምክንያቱም ገዢው ዋጋ ሲጠይቅ ልጁ ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የተነገረውን ዋጋ ያስታውሳል። ቨርሜር ሲሞት ቤተሰቡ ለዳቦ ጋጋሪ ያለበት ዕዳ ከ600 ጊልደር በላይ ደርሶ ነበር፤ አሥራ አንድ ልጅ በዳቦ ሲያድግ የሚሆነው ይኸው ነው። ባለቤቱም ሁለት ሥዕሎች ለጋጋሪው ሰጠች። ሰውየው ቀድሞም የቨርሜር ሥዕል ቤቱ ሳይኖረው አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1663 ደልፍትን የጎበኘ አንድ ፈረንሳዊ ከሠዓሊው ቤት የሚታይ ሥራ አጥቶ ሥዕሉን ያየው በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ነው። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ያዦች ግን ሸራ ተቀብለው ደረሰኝ አይቆርጡም፤ የባንክ ስሊፕ ይላሉ።