መሬት ለአዳኙ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ባለፈው በስልክ «ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፋው? ሚስትህ ስሞታ አላት» ብለው የጠየቁኝ መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩ። አባባ፣ አዳኝ ሆኛለሁ። ጥይት ወደ ሰማይ እንዳይተኩሱ፤ እስካሁን የገደልኩት ነገር የለም።

ነገሩ የተጀመረው በጎመን ነው። ሚስቴ ጓሮ የተከለችውን የሐበሻ ጎመን አንድ ሌሊት አጋዘን ገብቶ ምላጭ እንደነካው አድርጎ ላጨው። የዚህ አገር አጋዘን የኛን አይመስልም። ብርድ ሲበረታ ቀንዱን ይጥልና ሙቀት ሲመጣ አዲስ ያበቅላል። «ቀንድ እንደ ወተት ጥርስ ይረግፋል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይረግፋል። ሰፈር ውስጥ መተኮስ ስለማይቻል ጥፋተኛውን ትቼ ዘመዶቹን ፍለጋ ጫካ ወጣሁ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ «መሬት ባይኖርህም የሕዝብ መሬት አለልህ» አለኝ። መሬት የሕዝብ ነው ሲባል እየሰማሁ አድጌ የለ? ሄጄ ድርሻዬን ስረግጥ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ብቻውን ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው፤ በእርስዎ ልክ ከ10 ሺህ ጋሻ ይበልጣል። የአደን ትምህርቱን የተማረና የፈቃዱን የከፈለ፣ ዳኛም ይሁን እንደኔ ያለ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ እኩል ባለርስት ነው። እርስዎ በወጣትነትዎ «መሬት ላራሹ» ሲባል ሰሙ፤ ልጅዎ «መሬት ለአዳኙ» ላይ ደረሰ።

ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ10 ሺህ ጋሻ ውስጥ የት ይቀመጣል?

መጀመሪያ ካርታ ዘርግቼ ሸናንዶዋን መረጥኩ። አረንጓዴ ነው፣ የመንግሥት ነው፣ አጋዘኑም ከመኪና መስኮት ይታያል። ለሽማግሌው ስነግረው ቡናው ትን አለው። ለካ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ አደን ክልክል ነው። የሚታደነው ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም የመንግሥት። ልዩነቱን እኔ ባላውቀውም አጋዘኖቹ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ፓርኩ ውስጥ ያለው አጋዘን ቆሞ ያይዎታል፣ ደኑ ውስጥ ያለው አይታይም።

ቀጥሎ ደኑ ውስጥ ገብቼ የደብር ቅጽር የመሰለ ቦታ መረጥኩ። ዛፉ ረጅም፣ ሥሩ የተጠረገ፣ ጥላው ለመነኩሴ የሚመች። ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ፤ የመጣችልኝ አንዲት ሽኮኮ ናት። ጥፋቱ የውበቱ ነው። ያረጀ ደን ፀሐይ መሬት ስለማያስነካ ከሥሩ የሚበላ አይበቅልም። አጋዘን የሚወደው ዛፉ ተቆርጦ ቁጥቋጦ የወረሰውን፣ ሰው ሱሪው እየተቀደደ የሚያልፈውን ቦታ ነው።

ታሪክም አለው፣ አባባ። መንግሥት ይህን ደን መግዛት የጀመረው በ1911 ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ። ያን ጊዜ ተራራው ተጨፍጭፎ አፈሩ ታጥቦ ነበርና ባለቤቶቹ ሸጡለት። ሸለቆውን ግን ገበሬው አልሸጠም። ስለዚህ ዳገቱ ለሕዝብ ደረሰ፣ ለሙ ሜዳ ለገበሬው ቀረ። አጋዘኑም አእምሮ አለውና ማታ ማታ የገበሬውን ሣር ይበላል። እኛ ባለርስቶቹ ዳገቱ ላይ እንጠብቀዋለን።

ዳገት ላይ የሚያመጣው ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ነው። ቅጠሉ ጫፉ ክብ የሆነው ነጩ ኦክ ፍሬው ይጣፍጣል፣ ቅጠሉ ሹል የሆነው ቀዩ ይመራል ይላሉ። ሁለቱንም ቀመስኳቸው፤ ሁለቱም ሬት ናቸው። አጋዘን ግን ይለያቸዋል አሉ።

ከዚያ የነፋሱ ጉዳይ አለ። ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ የተራራ አየር ቁልቁል ይወርዳል፤ ከላይ የተቀመጠ ሰው ሽታው ከሱ ቀድሞ ሸለቆ ይገባል። የኔ ካፖርት ደግሞ ከኩሽና በር ጀርባ ተሰቅሎ የከረመ፣ ቁሌትና የቡና እጣን የጠጣ ነው። አንዲት እንስት አጋዘን ከሥሬ ብቅ ብላ አፍንጫዋን አነሳች፣ ዛሬ ምን ተሠራ የምትል መሰለችኝ፣ ነጭ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ሄደች። ካፖርቱ አሁን ውጭ በረንዳ ላይ ያድራል።

በመጨረሻ የረዳኝ የገዛ ሙያዬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው መኪና ስቆጥር አይደል የምውለው? መስከረምና ጥቅምት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደኑ የሚያስገባውን በር ሁሉ እየዞርኩ የቆመውን መኪና ቆጠርኩ። አብዛኛው አዳኝ ከመኪናው ብዙ አይርቅም። ሰባት መኪና ያለበትን ተውኩት። አንድም የሌለበትን አገኘሁ፤ አቀበቱ ነፍስ ያወጣል። ከላይ በሁለት ጉብታ መካከል ኮርቻ የመሰለ ዝቅታ አለ፣ ከማዶው የተቆረጠ ደን፣ በዙሪያው ነጭ ኦክ። የዛፉ ልጥ በቀንድ ተፍቆ ገና እርጥብ ነበር። «ሚዳቋን ስትበላ አትጠብቃት፤ ስትመለስ የምታቋርጥበት ጠብቃት» ይሉኝ የነበረው ይኸው ቦታ ነው።

ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሳሁ። ሕጉ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ እንድንለብስ ያዛል፤ ሚስቴ በቅናሽ ያገኘችው ሮዙን ነው። ፎቶ ያልላክሁት ለዚህ ነው። በጨለማ አቀበቱን ጨርሼ ኮርቻው ላይ ስደርስ፣ ሰው የማይደርስበት ብዬ በመረጥኩት ዛፍ ሥር፣ አንድ ብርቱካናማ ኮፍያ ተቀምጧል።

«ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሐበሻ ነህ እንዴ?» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ? ጥሎ መሄድ ነውር ነው። እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ አገርህ የት ነው፣ እናት አባት በሕይወት አሉ? እዚህ ላይ ስንደርስ ነጋ። ቀና ስንል ባለ ስምንት ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን 40 እርምጃ ላይ ቆሞ ያዳምጠናል። ጠመንጃዎቻችን ዛፉን ተደግፈዋል። የሁለታችንንም የትውልድ ሐረግ ከሰማ በኋላ አንዴ አንኮራፍቶ ሄደ።

ቆሎ አወጣ፣ ቡና ቀዳሁለት። «ይህን ቦታ እንዴት አገኘኸው?» ብለው «መኪና ቆጥሬ» አለኝ። እሱም ፓርኪንግ ነው የሚሠራው።

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ የዘንድሮ አደኔ በዚህ አበቃ። ከሰውዬው ጋር ለከርሞ ተራ በተራ ልንቀመጥ፣ ቦታውንም ለማንም ላንናገር ተማምለናል። እናም የተራራውን ስም ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ይህ ደብዳቤ ከቅዳሴ በኋላ ለሰፈሩ ሁሉ ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሜሪላንድ ገብቶ ፓርኪንግ ጀምሯል አሉ።

ልጅዎ