ጋዜጣ ሊገዛ ነው

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ በርበሬ ተራ ኮረሪማ አስመዝናለሁ። ሻጯ እትዬ ካሮጌ ጋዜጣ አንድ ገጽ ቀደዱና እንደ ጥሩንባ ጠቀለሉት። አጠገቤ የቆመው ባለ ከረባት ስልኩን እያየ ይንጨረጨራል።

«ሰምተዋል እትዬ? የውጭ ሰው ጋዜጣ ሊገዛ ነው!»

«ስንት ኪሎ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«በኪሎ አይደለም! ድርጅቱን፣ ባለቤት ሊሆን!»

«ይሁና! ብቻ የሚያብለጨልጭ ወረቀት እንዳያመጣብን። አይታጠፍም፤ ኮረሪማው ይሾልካል።»

ሰውዬው ከሳቸው ተስፋ ቆርጦ ወደ እኔ ዞረ። «ጋዜጣ የአገር ዐይን ነው ወንድሜ። ለባዕድ አይሰጥም!»

«ዐይናችንን ማን የገለጠው መሰለህ?» አልኩት። «የመጀመሪያውን ያማርኛ ጋዜጣ ያወጣው ግሪካዊው ነጋዴ አንድሪያስ ካቫዲያ ነው። ‹አእምሮ› ብለው ስም ያወጡለት ምኒልክ። አእምሮው ከቤተ መንግሥት፣ እጁ ከግሪክ። እጁ ስልህ የምሬን ነው፤ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ነበር የሚወጣው።»

«24 ብቻ?» አሉ እትዬ። «ለኔ እስከ ረፋድ አይበቃም።»

ሰውዬው ግን የዋዛ አይደለም። «እሱ ያኔ ነው። ማተሚያውም ዕውቀቱም ከውጭ ይመጣ ነበር።»

እውነቱን ነው። ሐረር ላይ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1905 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ‹ለ ሴመር ዴቲዮፒ›ን ሲጀምሩ፣ የሚታተመው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታላቸው ነበር። ‹ኩሪዬ ዴቲዮፒ›ም በፈረንሳይኛ ተከተለ። ተፈሪ መኮንን ‹ብርሃንና ሰላም›ን በ1917 ዓ.ም. እስኪያስጀምሩ ድረስ የጋዜጣውን ገበያ ያደመቀው ፈረንጅ ነው። (አሁን ሁሉም በባለቤቱ ስም ሲጣላ ሳይ፣ አንባቢው ማን እንደነበር የጠየቀ የለም እላለሁ።)

«ጣልያንንስ ረሳኸው?» አለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «‹የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ› እያለ ባማርኛ ሲያትም!»

«አልረሳሁም። በ1928 ገብቶ አምስት ዓመት ሲገዛን አንድ ሳንቲም አልከፈለም፤ ጋዜጣም አልገዛም፣ የራሱን አተመ። ግን ስሙን ተመልከት፤ የማን መልእክተኛ እንደሆነ ከፊት ገጹ ነግሮሃል። እኔን የሚያስፈራኝ ጌታውን የማይነግረኝ መልእክተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ሐበሻም ይሆናል።»

«አንተ ለፈረንጅ ተሟጋች ነህ እንዴ?»

«የቆምክበትን ሰፈር መርካቶ ያለው ማነው? ገበያውን ካራዳ አንስቶ እዚህ ያመጣው ጣልያን አይደለም? ጋዜጣ የሚለውም ቃል የጣልያን ነው፤ መነሻው የቬኒስ ሳንቲም ስም ነው ይባላል። ያንገትህን ከረባትስ ከየት አመጣኸው፣ ከመንዝ?»

እትዬ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ሕግ አለ!» አለ።

«አለ። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ለውጭ ዜጋ እስከ 25 በመቶ ድርሻ ፈቅዷል።»

«ይኸው! 25 በመቶ!»

«ቀሪው 75 ያንተ ነው እኮ። እስቲ እሱን አሳየኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ጋዜጣ የገዛኸው መቼ ነው?»

ዝም አለ። አንገቱን አከከ። «እኔ… በስልክ ነው የማነበው። በነፃ።»

«ታዲያ ማን ይግዛው?» አልኩ። «አንተ ቅጂውን አትገዛ፣ እኔ በኮረሪማ መጠቅለያነቱ ነው የማውቀው። ባለ ጋዜጣውን የወረቀት ዋጋ አንቆ ይዞት፣ ማተሚያ ቤቱ ሒሳብ አምጣ እያለው፣ አንድ ባለ ዶላር ብቅ ሲል ‹አገሬ ተሸጠች› ብለህ የምትጮኸው አንተ ነህ። ፈላጊ ያጣ ዕቃ እኮ መርካቶ ውስጥ የአገር ሀብት አይባልም፤ የከረመ ዕቃ ነው የሚባለው።»

«እሱ የሚለውስ እውነት አለው» አሉ እትዬ በድንገት፣ ሚዛናቸውን እያስተካከሉ። «ባለ ገንዘብ ሲገዛ ዝም ብሎ አይገዛም፤ ይገዛል እንጂ።»

ይቺን ቃል ደጋግመው ብለዋት ሁለት ነገር አደረጓት። ለመልሱ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ባለ ከረባቱ ሩብ ኪሎ በርበሬ አስመዝኖ ሄደ። በሙሉ ጋዜጣ ተጠቅልሎለት፣ በነፃ። እኔም ቤቴ ገብቼ የኮረሪማዬን ጥቅል ስፈታው የጨረታ ማስታወቂያ ነው፤ ቀኑ አልፏል።