ላጤ ሆኖ እጮኛውን ሊጎበኝ ስለሚያመለክት ሰው የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 179/ለ

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ። ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ላይ ቡና አፍልተሽ እጮኛሽን በስልክ የምታጫውቺ፣ ካልጋሪና ኤድመንተን ሌሊት ሥራ አድረህ «አዲስ አበባ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» እያልክ የምታሰላ፣ ነጋሪቱ የተጎሰመው ላንቺና ላንተ ነው። ሌላው ሕዝብ ወደ ሥራው ይሂድ።

መግቢያ

የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ ሲውል እጮኛን በእጮኝነቱ ስፖንሰር ማድረግን ስላስቀረ፤

እጮኛ የተባለ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለው መግቢያ እንደማንኛውም አገር ጎብኚ ሰልፍ መያዝ ብቻ ስለሆነ፤

ጎብኚ ደግሞ ናያጋራን ሊያይ እንጂ ሰው ሊያይ መምጣቱ ለቁጥጥር አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ፤

የጋባዧ አባት በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ስላለባቸውና ረጅም በረራ ስለማይችሉ፣ «ፊቱን ሳላይ ልጄን አልድርም» ማለታቸውም ጽሕፈት ቤታችንን ጨርሶ ስለማይመለከት፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የላጤ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፤ «አመልካች» ማለት ይጠፋል ተብሎ የሚገመት ሰው ነው። «ጋባዥ» ማለት የሚጠፋባት ሰው ናት። «ባለሥልጣን» ማለት ሁለቱንም አይቷቸው የማያውቅ፣ ሊያያቸውም የማያስብ፣ ግን በደንብ የሚያውቃቸው ሰው ነው። በወንድ ፆታ የተገለጸው የሴትንም ይጨምራል።

አንቀጽ 3፦ ክፍያ

ለማመልከቻው 100 የካናዳ ዶላር፣ ለአሻራና ለፎቶ 85። አይመለስም። አሻራው ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ አመኔታው ግን ለአንድም ቀን አያገለግልም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ላጤነት

1) በኢሚግሬሽን ደንቡ ቁጥር 179(ለ) መሠረት ጎብኚ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያልቅ ከአገር እንደሚወጣ ባለሥልጣኑን ማሳመን አለበት። ላጤ ግን ማሳመን አይችልም። ስለዚህ ያያያዘውን ወረቀት ሁሉ በማንበብ የሕዝብ ጊዜና ገንዘብ አይባክንም።

2) የውሳኔው ማስታወሻ በሚከተለው ቃል ይጻፋል፦ «አመልካቹ ላጤ ነው፤ እንደ ልቡ ተንቀሳቃሽ ነው፤ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ የለውም።» ማስታወሻው እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ለአመልካቹ አይላክም ነበር። ለእርሱ ይላክ የነበረው «ከጉብኝትዎ ዓላማ አንጻር እንደሚመለሱ አላመንኩም» የሚል፣ ለሁሉም አንድ የሆነ ደብዳቤ ነበር። ምን ተብሎ እንደተጻፈበት ማወቅ የፈለገ በመረጃ ማግኛ ሕጉ መሠረት 5 ዶላር ከፍሎ ያስጠይቅ ነበር። ላጤ መሆኑን በ5 ዶላር ይረዳ ነበር።

3) «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ከንጋቱ 12 ሰዓት መገናኛ ላይ ታክሲ የሚሰለፈውን፣ ወረፋው ሳይደርሰው የሚረፍድበትንና በእግሩ የሚያዘግመውን ይጨምራል። አመልካቹ የፊዚክስ መምህር ከሆነ፣ ተማሪዎችን ስለ እንቅስቃሴ ሕጎች ማስተማሩ እንደ ተጨማሪ ማስረጃ ይያዝበታል።

4) «የሚያስተዳድረው ቤተሰብ» ማለት ሚስትና ልጅ ብቻ ነው። ለእናቱ የስኳር መድኃኒት የሚገዛ፣ የሟች እህቱን ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፍል፣ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮና ቅቤ ተሸክሞ የሚገባ ሰው የሚያስተዳድረው ቤተሰብ የለውም። እናት ልጇን አታስመልስም። ይህን በአገራችሁ የማያውቅ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይወቅ።

5) ከላይ የተደነገገው ቢኖርም፣ ላጤ ከላጤነቱ ነጻ ሊወጣ የሚችለው፦

ሀ) አግብቶ የተገኘ እንደሆነ ነው። ሆኖም ያገባት ካናዳ ያለችውን ከሆነ «በካናዳ ጠንካራ የቤተሰብ ትስስር አለው» ተብሎ በሌላ ረድፍ ሊከለከል ይችላል፤

ለ) ሌላ ሴት አግብቶ የተገኘ እንደሆነ፣ አገር ቤት የምትጠብቀው ሚስት ስላለችው ታማኝ ጎብኚ ነው። እጮኛውን ሊጎበኝ ለምን እንደመጣ ሚስቱ ትጠይቀው፤ ጽሕፈት ቤቱ በቤተሰብ ጉዳይ አይገባም፤

ሐ) ልጅ የወለደ እንደሆነ። ከጋባዧ የወለደው ይጎትተዋል፤ ከሌላ የወለደው ይመልሰዋል። አስቦ ይውለድ፤

መ) ቤት ያለው እንደሆነ። በተለይም፦

(1) የኮንዶሚኒየም ባለቤት ካርታውን አስተርጉሞ፣ ውልና ማስረጃ አስጸድቆ ያያይዝ፤ ቤት ግን ሊከራይ ስለሚችል ባለቤቱን አያስመልስም፤

(2) ቤት የሌለው፣ የሚመለስበት የለውም፤

(3) ተመዝግቦ፣ ቆጥቦ፣ ዕጣ እየጠበቀ ያለ ሰው ዕጣውን ሊጠብቅ ይመለሳል ብለን እንዳንገምት፣ የሚጠብቅበትን ዘመን አይተን ተስፋ ቆርጠንለታል፤

ሠ) የባንክ ሒሳቡ ያማረ እንደሆነ። ባዶ ከሆነ ሊሠራ ነው የሚመጣው። ሙሉ ከሆነ በመምህር ደመወዝ ከየት አመጣው? ጋባዧ የላከችለት ከሆነ ደግሞ የጋባዧ ነው፤ ይህም መዋደዳቸውን ስለሚያሳይ ነገሩን ያባብሰዋል፤

ረ) «የምመጣው የልጅቷ አባት እንዲያዩኝና እንዲመርቁን ነው፤ ከዚያ ተመልሼ፣ አዲስ አበባ ተጋብተን፣ ወረፋዬን እዚሁ እጠብቃለሁ» ብሎ እውነቱን የጻፈ እንደሆነ። እንዲህ ያለው ሰው ላጤነቱን ሊያቆም ማሰቡን በገዛ እጁ ስላመነ፣ ከላጤ ሁሉ የከፋ ላጤ ነው።

6) «ካልተጋባን አብረን የምንኖር አጋሮች እንባል» ለሚሉ፦ መልካም። ለዚህ 12 ወር ሳይቆራረጥ አብሮ መኖር ያስፈልጋል። ጎብኚ በተለምዶ የሚፈቀድለት 6 ወር ነው። ይህን 6 ወር ለማግኘት ደግሞ አብረው ሊኖሩ እንዳላሰቡ ያስረዱ።

7) ሕጉ ራሱ፣ በቁጥር 22(2)፣ ወደፊት ቋሚ ነዋሪ የመሆን ሐሳብ ያለው ሰው ጊዜው ሲያልቅ እንደሚወጣ ካሳመነ፣ ሐሳቡ ብቻውን ለጉብኝት ከመግባት አያግደውም ይላል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞችም ሰው ላጤ ስለሆነ ብቻ አይመለስም ማለት ምክንያት አይሆንም ብለው ደጋግመው ጽፈዋል። ጠበቃችሁ ሁለቱንም በደብዳቤው ላይ አስምሮባቸዋል። አይተነዋል። የሚያምር መስመር ነው።

8) ጓደኞቿ ለጋባዧ «ፎቶ አታብዢበት፤ በጣም የምትዋደዱ እንዳይመስል» ብለው የሰጧት ምክር ትክክል ነው። ሁለት ፎቶ ይበቃል። ቢቻል ተራርቀው የቆሙበት።

9) ተንቀሳቃሽ! ቆይ፣ ይሄ ሰው የት ነው የተንቀሳቀሰው? ማስተማር ከጀመረ አንስቶ ከአንድ ትምህርት ቤት ያልወጣ፣ ክረምት ሲገባ እንኳ እናቱን ትቶ ሐዋሳ አንድ ሳምንት ያልሰነበተ ሰው ነው። የፈቃድ ደብዳቤው በማኅተም ተያይዟል፤ መስከረም ላይ ክፍል የሚገባበት ቀን ሳይቀር ተጽፏል። ከፍታችሁታል? እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ማመልከቻዎች ቺኑክ በሚባል፣ ኤክሴል ላይ በተሠራ መሣሪያ ተደርድረው እንደሚታዩ እኛም አንብበናል። አንድ ሰው፣ አንድ ረድፍ። እሺ፣ አባዬን የትኛው ዓምድ ላይ ላስገባቸው? ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ አራት ሰዓት ሙሉ ሲተኙ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ «ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» ምን ልበላቸው? አንድ ቀን ጨነቀኝና «ላጤ ነው ብለው ከለከሉት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «ታዲያ ላጤ ባይሆን እሰጠው ነበር እንዴ?» አሉ። ነርሷ አማርኛ ባትሰማም እኔ ስስቅ አብራ ሳቀች። እኔ ግን እየሳቅሁ አልነበረም።

10) ከዚህ በላይ ያለው ንኡስ አንቀጽ የጽሕፈት ቤቱን አጻጻፍ ስለማይከተል እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ጋብቻ

1) ጋባዧ ማግባት አልተከለከለችም። አዲስ አበባ ትሂድ፤ ወሳኝ ኩነት ገብታ ምስክር አቁማ ትፈርም። አባቷስ? አባቷ ዲያሊሲስ ላይ ናቸው ብለናል፤ መግቢያውን ይመልከቱ።

2) «እሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ ሆነን በቪዲዮ እንጋባ» የሚል ካለ፣ ተጋቢዎቹ በአካል ያልተገኙበት ጋብቻ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለስፖንሰርነት አይታወቅም። ሽምግልናውን ግን በቪዲዮ መላክ ይቻላል። ሽማግሌዎቹ ቦሌ አንድ ሶፋ ላይ ተጨናንቀው፣ ስልኩ ስኒ ተደግፎ ቆሞ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉ ኔትወርኩ ቢቆራረጥ፣ አባት አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ የታዩበት ምስል እንደ «እሺ» ይቆጠራል።

3) ከተጋቡና የስፖንሰር ማመልከቻ ከገባ በኋላ መዋደዳቸውን ያስረዱ። አሁን ፎቶ ይብዛ። ተቃቅፈው የተነሱት፣ ሌሊት የተጻጻፉት፣ የትኬቱ ቁራጭ፣ የሠርጉ ጥሪ ካርድ፣ ዘመድ ሁሉ የቆመበት። ባለፈው ማመልከቻ የደበቁትን ሁሉ ያውጡ። ለመኖሪያ ፈቃድ ተብሎ የተደረገ ጋብቻ ውድቅ ነውና፣ በጎብኚነቱ ጊዜ እንደማይቀርባት ያስረዳው ሰው አሁን ያለ እርሷ እንደማይኖር ያስረዳ። ሁለቱን ፋይል አንድ ሰው አያነብባቸውም፤ ስለዚህ ማንም አያፍርም።

4) እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥት በሰጠው መግለጫ መሠረት፣ የስፖንሰር ማመልከቻቸው የገባላቸው ባልና ሚስቶች የጎብኚ ቪዛቸው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ይታይላቸዋል፤ ብዙዎቹም ይፈቀድላቸዋል። ይህ ለተጋቡት ትልቅ እፎይታ ነው፤ የሚቀልድበት አይደለም። ግን ያው ሰው ነው። ያው እናት፣ ያው ደመወዝ፣ ያው መገናኛ፣ ያው ፊዚክስ። የተጨመረው ቶሮንቶ የምትጠብቀው ሚስት ናት፤ ማለትም እንዳይመለስ የሚያደርግ ዋነኛው ምክንያት። ይህ ምክንያት ሲኖረው ታመነ። ይህን ለጽሕፈት ቤታችን ያስረዳ ሰው ለአንቀጽ 3 ክፍያ 5 ከመቶ ቅናሽ ያገኛል።

5) ስለ ምርቃት ይህ አዋጅ የሚለው የለም። አማች ሆኖ ከገባ በኋላ መመረቅ ይችላል። አባት ግን ሊመርቁ የፈለጉት ሊወስዳት የጠየቃቸውን ልጅ እንጂ ወስዶ የጨረሰውን አይደለም፤ ይህንንም የምናውቀው ጋባዧ በደብዳቤዋ ሁለተኛ ገጽ ላይ ስለጻፈችው ነው። ሁለተኛ ገጽ አይነበብም።

አንቀጽ 6፦ ይግባኝ

ቅር የተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የጠበቃው ክፍያ ከሙሽራዋ ቀሚስ በጀት ይነሳል። ካሸነፈ ፋይሉ ለሌላ ባለሥልጣን ይመለሳል፤ ያም ባለሥልጣን አመልካቹ ላጤ መሆኑን እንደ አዲስ ይደርስበታል።

አንቀጽ 7፦ የመተባበር ግዴታ

ማንኛውም ሰው ይህን አዋጅ በማስፈጸም ረገድ የመተባበር ግዴታ አለበት። በየማኅበሩና በየለቅሶው «እስካሁን አልመጣም እንዴ?» የሚሉ እትዬዎች በዚህ አንቀጽ ይመሰገናሉ።

አንቀጽ 8፦ ተፈጻሚነት የማይኖራቸው

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ልማድ፣ የአባት ቃልና ቀን የተቆረጠለት ቀጠሮ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 9፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

በሂደት ላይ ያሉ ማመልከቻዎች በሂደት ላይ ይቆያሉ።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከታወጀበት ቀን ጀምሮ አመልካቹ እስኪያገባ ወይም እስኪሰለቸው ድረስ የጸና ይሆናል።

ባለሥልጣን
(ስም አይጠየቅም)