ዶሮው የት ይቀመጥ?

ኮሎራዶ የሚኖር ሐበሻን ስለ ከፍታ ማስተማር አይቻልም። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ተቀምጣ «ባለ አንድ ማይሏ ከተማ» እያለች ስትኩራራ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበቤ ፈገግ ይልላታል። የሮኪ ተራሮች አውራ የሆነው ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው ሲሉት ደግሞ «ራስ ዳሽን እኮ ከ4,500 ያልፋል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ራስ ዳሽንን በዓይኑ አላየውም። ቢሆንም ያገሩ ተራራ ነውና ሳንባው ከዚያ የተሠራ ይመስለዋል። ያ ሳንባ ዓመታቱን ከመኪና መሪ ኋላ ተቀምጦ እንደጨረሰ የሚያስታውሰው የለም።

የእኛም ጉዳይ የተጀመረው አውሮራ ውስጥ ቡና ሲጠጣ ነው። አንድ ወዳጃችን 4,287 ሜትር ገደማ ከሚሆነው ከቢርስታት ተራራ ጫፍ ላይ የተነሣውን ፎቶ አሳየን። «ይሄማ ዳገት ነው» አለ አንዱ። «ሕፃናት ሳይቀሩ ይወጡት የለ?» አለ ሌላው። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ቢርስታት ብቻውን ለእኛ እንደማይመጥን ተወሰነ። ከእሱ ተነሥተን፣ ሳውቱዝ በሚባለው የመጋዝ ጥርስ በሚመስል ሸንተረር ተሻግረን፣ ብሉ ስካይ የተባለውን ቀጣዩን ተራራ ልንይዝ ነው። ሸንተረሩ በእግር ብቻ አይታለፍም፤ እጅም ይፈልጋል። ሐበሻ ደግሞ ከሁለት በላይ ከሆነ ኮሚቴ ይፈልጋል። ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ተመረጡ፤ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ።

የመጀመሪያው አጀንዳ መንገዱ ነበር። አገር ቤት ጂኦሎጂ አስተምራ እዚህ ነርስ የሆነች እኅታችን ካርታውን ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። ጥንት በዚህ ሸንተረር ግራና ቀኝ የበረዶ ግግር ነበረ አለችን። ግግሩ ድንጋዩን ከሁለቱም ወገን እየፋቀ ሲወርድ መካከል ላይ የተረፈው ስሱ አጥር ሳውቱዝ ሆነ፤ የተቦረቦረው ጎድጓዳ ደግሞ ውሃ ሞላ። ከሸንተረሩ ሥር፣ ከ3,800 ሜትር በላይ ተኝቶ የሚታየው አቢስ ሐይቅ የዚያ ሥራ ነው። «ሐይቁን የቆፈረውና ገደሉን ያቆመው አንድ በረዶ ነው» አለች። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ገርባ ጉራቻም በረዶ የቆፈረው ሐይቅ መሆኑን ስትጨምርበት ሊቀመንበሩ ደረቱን ነፋ። «እንግዲያው ባገራችን የለመድነው ነው» ብሎ አስመዘገበ። ባሌን የሚያውቀው ከቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነው።

ሁለተኛው አጀንዳ ከመስመር ወጣ። የተራራው ስም ባለቤት አልበርት ቢርስታት ሠዓሊ እንደነበረና እ.ኤ.አ. በ1863 ወደዚህ አካባቢ መጥቶ ዛሬ ብሉ ስካይ የሚባለውን ተራራ «ሮዛሊ» ብሎ እንደሰየመው አንብቤ ነበርና ተናገርኩ። ሮዛሊ ያን ጊዜ የጉዞ ጓደኛው የጸሐፊው ፊትዝ ሂዩ ለድሎ ሚስት ነበረች። በ1866 ከባሏ ተፋትታ ሠዓሊውን አገባች። ቤቱ ተንጫጫ። የሊቀመንበሩ ባለቤት «ባልየው ተራራው በሚስቱ ስም ሲጠራ ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀች፤ ቡናውም በዚሁ በረካ ላይ ደረሰ። ተራራው ኋላ በአገረ ገዢው በጆን ኤቫንስ ስም ተጠራ። ኤቫንስ ከ1864ቱ የሳንድ ክሪክ ጭፍጨፋ ጋር ስሙ በመነሣቱ ተራራው በ2023 ብሉ ስካይ ተባለ።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰችን ነርሷ ናት። ሠዓሊው ያንን ተራራ የሣለበት ትልቅ ሸራ ብሩክሊን ሙዚየም እንዳለ አስታውሳ «ሥዕሉ ላይ ያለውን ደመና አይታችሁታል?» አለች። በሮኪ ተራሮች በጋ፣ ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ መብረቅ ያወርዳል። ከዛፍ ወሰን በላይ ደግሞ መጠለያ የለም። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከሸንተረሩ መውረድ፣ ለዚህም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከቤት መነሣት ግድ ነው። ሌሊት መነሣቱ አላስደነገጠንም። ለዳገቱ ሁለት ሁለት የምንመረኮዛቸው ዘንጎች ተገዝተው ሲመጡ ያዩት የሊቀመንበሩ እናትም ነገሩን በዚሁ ተረዱት፦ «ማኅሌት ልትቆሙ ነው? ታዲያ ላንድ ሰው ሁለት መቋሚያ ምን ያደርግለታል?»

ቀን መቁረጡ ግን አደከመን። ምቹው ወራት ነሐሴ፣ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ከመካከላችን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አሉ፤ በባዶ ሆድ ገደል መቧጠጥ ደግሞ ነርሷ አልፈቀደችም። ጾሙ ነሐሴ 16 ይፈታል። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ በረዶ ሊጥል ይችላል። የቀረችልን በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት። ከእሷም ላይ ረቡዕና ዓርብ ተቀነሱ፤ ዶሮ ወጥ ይኖራላ!

ቀጥሎ የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ቀረበ። ሸንተረሩ ላይ ሰው አንድ በአንድ እንጂ ጎን ለጎን የማያልፍበት ቦታ አለ። እኛ ደግሞ ሰፊ በር ላይ እንኳ «ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም፣ እኔ ልሙት» ስንባባል በሩ የሚዘጋብን ሰዎች ነን። ስለዚህ ተራ ከወዲሁ በዕጣ እንዲወጣ፣ ድንጋይ እንዳይናድብን በመካከላችን ርቀት እንዲኖር፣ ሁሉም የራስ ቁር እንዲያደርግ፣ ገደል ጫፍ ላይ በሞት መማልም እንዲከለከል ተወሰነ።

ኮሚቴውን ለሁለት የከፈለው የገንዘብ ያዡ ግኝት ነው። ብሉ ስካይ ጫፉ አጠገብ ድረስ አስፋልት አለው! ያውም በሰሜን አሜሪካ ካሉት የአስፋልት መንገዶች በከፍታ አንደኛ ነው፤ በበጋ ይከፈታል፤ ከ4,300 ሜትር ገደማ ያደርሳል። «ታዲያ እኛ በእጃችን የምንቧጥጠው ምን በደልን ብለን ነው?» አለ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አስታራቂ ሐሳብ ቀረበ፦ ገሚሱ በሸንተረሩ ይምጣ፣ ገሚሱ ዶሮ ወጡንና ጀበናውን ጭኖ በመኪና ይውጣና ጫፉ ላይ ይጠብቅ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ወደ 86 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ቡናው ምን ምን ሊል እንደሚችል ብቻ ሥጋት ተመዘገበ።

ነርሷ እጇን አወጣች። «ዶሮው ከፊት ከሆነ ማን ይመለሳል?» አለች።

ዝም አልን። ከቢርስታት ጫፍ ወርደን ሸንተረሩ ሥር ያለው ኮርቻ ላይ ስንደርስ ደመናው መቋጠር ከጀመረ መመለስ አለብን። ግን ከእኛ መካከል «እንመለስ» የሚለውን ቃል ቀድሞ የሚያወጣው ማን ነው? ሁሉም ይፈራል፣ ሁሉም ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል፤ ይሉኝታ ይዞን ገደል እንገባለን። ከፍታውን ሳንባችን ይችለው ይሆናል፤ ይሉኝታውን ግን የሚችል ሳንባ የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የመመለሻው ነገር መታጠቅ ያለበት እዚህ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ እግራችን ሳይቀዘቅዝ ነው።

እናም ተወሰነ። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ኮርቻው ላይ ካልደረስን ወይም ደመና ከታየ እንመለሳለን። «እንመለስ» ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፣ ድምፅ አይሰጥበትም፣ ለወደፊቱም በሠርግና በልደት ላይ አይነሣበትም። ዶሮ ወጡም ጫፍ ላይ ሳይሆን መነሻችን ጓኔላ ፓስ፣ 3,557 ሜትር ላይ በሚቆመው መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ወደ ዶሮ ሲመለስ ተሸነፈ አይባልምና።

ውሳኔው በጭብጨባ አለፈ። ገንዘብ ያዡ ብቻ ልዩነቱን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቧል፦ «ዶሮው ከተነሣንበት መኪና ውስጥ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ከመኪናው የምንወርድበት ምክንያት ለኮሚቴው በጽሑፍ ይቅረብልኝ።»