ጣሪያው ይነሳልን

ደብረ ብርሃን ላይ ካቶሊክ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። በ2017 ዓ.ም. የሚያዝያ ማለቂያ ግን የአረቄ ቤቱ ደንበኛ ሁሉ የሮማ ጳጳስ አስመራጭ ሆኖ ሰነበተ። 133 ካርዲናሎች በር ተዘግቶባቸዋል፣ ጥቁር ጭስ ከወጣ አልተስማሙም፣ ነጭ ከወጣ ተስማምተዋል። አንዱ ለፊሊፒንሱ ካርዲናል ይሟገታል፣ ሌላው ለጣሊያኑ። «የኛም ብርሃነየሱስ ገብተዋል፣ ምን ይታወቃል!» የሚልም አልጠፋ። በሁለተኛው ቀን ሊዮ 14ኛ ብቅ ሲሉ ቤቱ በአንድ አፍ አደነቀ፦ «አየህ፣ የሠለጠነ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሳል!»

ይህን የሚሉት የዕድር ሰብሳቢ ለመምረጥ በየወሩ ተሰብስበው በየወሩ በቀጠሮ የሚበተኑ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ምልአተ ጉባኤ አይሞላም። የቀሩት ይቀጡ አይቀጡ ሲባል ረፋዱ ያልፋል። ከዚያ አንድ ጋሼ ይጠቆማሉ፤ «እኔስ ወገቤን አሞኛል» ይላሉ። እውነት መስሎት ሌላ ሰው የጠቆመ ወዮለት፤ ጋሼ እስከ ፋሲካ ሰላም አይሉትም።

ሮማም ብትሆን ዱሮ እንዲህ ፈጣን አልነበረችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1268 ጳጳሱ ክሌመንት 4ኛ ሲሞቱ ካርዲናሎቹ ቪቴርቦ በምትባል ከተማ ተቀምጠው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተጨቃጨቁ። ያገሬው ሰው ቢመረው ቆለፈባቸው፣ ምግባቸውን ቀነሰ፣ አልሆን ሲል የአዳራሹን ጣሪያ ገፈፈው። በ1271 የተመረጡት ጎርጎርዮስ 10ኛ በቦታው እንኳ አልነበሩም፤ ቅድስት ሀገር ሳሉ ነው ሹመቱ የደረሳቸው። (ስብሰባ የቀረ ሰው መመረጡ በኛም ያለ ነው።) እሳቸውም በ1274 ደነገጉ፦ በሦስት ቀን ካልመረጡ በየገበታው አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ፤ ተጨማሪ አምስት ቀን ካለፈ ዳቦ፣ ውሃና ወይን።

የኛ ዕድር ሥርዓቱን ገልብጦታል። ስብሰባው በቆሎ ይጀመራል፣ ሲረዝም ዳቦ ይቆረሳል፣ ጭቅጭቁ ሲከር ጠላ ይቀዳል። ታዲያ ማን ምን ቸግሮት ይስማማል? በኅዳር ውርጭ ጣሪያ ቢነሳብንስ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ይቺ ከተማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ናት፤ ሰዎቻችን ተከናንበው ይመጣሉ እንጂ አይመርጡም።

ቀጠሮ መውደዳችን በእንግዳም ሳይጋባ አይቀርም። አባ ማስያስ፣ ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ሸዋ ገብተው እዚሁ አጠገባችን ልቼ ከምኒልክ ግቢ ሲመላለሱ ኖሩ። በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ካገር ወጡ። በ1884 ሊዮ 13ኛ ካርዲናል አደረጓቸው፤ ጳጳስ የመምረጥ መብት አገኙ ማለት ነው። ሆኖም በ1889 ሲያርፉ ሊዮ ገና በመንበራቸው ነበሩ፤ ቀጣዩ ምርጫ 1903 ላይ ሆነ። አንዲት ድምፅ ሳይሰጡ ሄዱ።

ይህን ለአንድ ዕድር ጸሐፊ ባጫውተው ራሱን ነቀነቀና «የቀሩበትን ቅጣት ከፍለዋል?» አለኝ።