ያለ መቋሚያ ወደ ቬሱቪዮ

ናፖሊን ሊጎበኝ የሄደ ሰው ወደቧን ብቻ አይቶ ቢመለስ የሚወቅሰው የለም፤ በ1279 መሠረቱ የተጣለው የአንጁ ነገሥታት ግንብ በባሕሩ ዳር እንደ ዘበኛ ቆሞ፣ መርከቦቹ ወደ ካፕሪና ወደ ኢስኪያ ሲወጡ ሲገቡ፣ ከበስተጀርባውም ሁለት ሰው ካልተጋፋ የማይተላለፍበት ጠባብ መንገድ ከመስኮት እስከ መስኮት በተዘረጋ ገመድ አንሶላና ሸሚዝ አንጠልጥሎ ዘወትር የበዓል ዋዜማ መስሎ ሲታይ፣ ዓይን ከዚህ በላይ ምን ይሻል? እኔም በዚህ ረክቼ፣ በእህቴ ልጅ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ቡናዬን እየጠጣሁ ልሰነብት ቈርጬ ነበር። ልጁ ግን ከልብሶቹ ገመድ ባሻገር የሚታየውን ተራራ በጣቱ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ ነገ ቬሱቪዮ እንወጣለን» አለኝ።

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«1,281 ሜትር።»

ሳቅሁ። በእንጦጦ ግርጌ ተወልዶ ላደገ፣ በግእዝ ደብር ማለት ተራራ መሆኑን ከየኔታ ሳይሆን ከገዛ ጉልበቱ ለተማረ፣ ስንቱን ደብር በእግሩ ወጥቶ ለተሳለመ ሰው፣ ጫፉ በአገራችን ሚዛን ቆላ የሚባል ተራራ ምን ያስፈራዋል? አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ተቀምጣ ሳለ እኔ ወደ ቬሱቪዮ የምወርድ እንጂ የምወጣ አይደለሁም ብዬ፣ በማግሥቱ ከረባቴን አስሬ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማዬንም እንደ መስተዋት አስወልውዬ ተነሣሁ።

እስከ ኤርኮላኖ በባቡር፣ ከዚያም ወደ 1,000 ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጓዝን። እንግዲህ ለእግሬ የቀረው ሦስት መቶ ሜትር የማይሞላ ከፍታ ብቻ ነበር። በመንገዱ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ የእንጨት ዘንግ ለመንገደኛ እያዋሱ፣ በምላሹ ጥቂት ሳንቲም ይቀበላሉ። ለእኔም አንዱን ሲዘረጉልኝ፣ «መቋሚያ የምይዘው ማኅሌት ስቆም ነው በላቸው» አልሁት ለልጁ። ምን ብሎ እንደ ተረጐመው አላውቅም፤ ሽማግሌው ግን ጫማዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

መሬቱ መሬት አይደለም። ከክክ እስከ ባቄላ የሚያህል፣ ቀላ ያለና አመድማ የገሞራ ጠጠር ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲሄዱ ግማሹን ወደ ኋላ ያስመልሳል፣ የቀረውንም ግማሽ በጫማ ውስጥ ገብቶ ያስከፍላል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ትንፋሼ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይጮህ ጀመር። ቆሜ ማረፉ ከትናንቱ ትምክሕቴ ጋር ስለማይስማማ፣ ታሪክ ማስተማር ጀመርሁ።

በመጀመሪያው ዕረፍት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ79 ይህ ተራራ ፖምፔይንና አሁን ከባቡር የወረድንበትን ኤርኮላኖን እንዴት እንደ ቀበራቸው አስረዳሁ። በሁለተኛው፣ የሮማ መርከቦች አዛዥ የነበረው ትልቁ ፕሊኒ ሰው ላድን ብሎ በባሕር ተሻግሮ በዚያው ሲሞት፣ የዐሥራ ሰባት ዓመቱ የእህቱ ልጅ ግን ትምህርቴን ላጥና ብሎ ከቤት ቀርቶ እንደ ተረፈና ነገሩን ኋላ በደብዳቤ ለታሪክ ጸሐፊው ለታኪቱስ እንደ ጻፈለት ተረክሁ።

«ጋሼ፣» አለኝ ልጁ፣ «እርስዎ አጎት ነዎት፣ እኔ የእህት ልጅ፤ ታሪኩ ለማን እንደሚያደላ አስበውበታል?»

በሦስተኛው ዕረፍት ስለ 1944ቱ ፍንዳታ ልናገር አፌን ስከፍት ቃል አልወጣልኝም። ይህ የመጨረሻ ቍጣው የሳን ሴባስቲያኖን መንደር በቀለጠ ድንጋይ ያፈረሰ፣ በግርጌው ሰፍረው የነበሩትን የተባባሪ ኃይሎች የጦር አውሮፕላኖች ጠላት ሳይደርስባቸው በአመድ ያበላሸ ነበርና የሚነገር አልጠፋም፤ የጠፋው ትንፋሽ ነው። በዚህ ጊዜ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ፈረንጅ ወይዘሮ፣ በሁለት ዘንግ እየተደገፉ ቱር ቱር ሲሉ አልፈውኝ ሄዱና፣ ጥቂት ራቅ ካሉ በኋላ ተመልሰው፣ አንዱን ዘንጋቸውን አለ ቃል በእጄ አስጨበጡኝ። እምቢ የምልበት ኃይል አልነበረኝም። እነሆ በዚያ ደብር ላይ ማኅሌቱ ሳይኖር መቋሚያ ያዝሁ።

ጫፉ ላይ የጠበቀኝ ቃጠሎ ሳይሆን አርምሞ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነ ግራጫ ጉድጓድ፣ ከግድግዳውም ስንጥቅ እንደ ዕጣን ቀጭን ሆኖ የሚወጣ እንፋሎት። የእኛ አበው እሳተ ገሞራ ብለው ሲሰይሙት የሎጥን ዘመን አስበው ነው፤ እኔም የሎጥን ሚስት አስቤ ወደ ኋላ ለመዞር ጥቂት አመነታሁ፤ በመጨረሻ ብዞር ግን ባሕረ ሰላጤው በሞላ፣ ወደቡም መርከቦቹም የጣት ጥፍር አክለው፣ ከእግሬ በታች ተዘርግተው ነበር። ዘንጉን ለወይዘሮዋ እጅ ነሥቼ መለስሁ።

ማታ ከሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ግራውን በአጥሩ ላይ ገልብጬ ባራግፈው ከአንድ እፍኝ የማያንስ ተራራ ወረደ፤ ቀኙን ሳራግፍ ከበታቻችን ካለው ፎቅ ጩኸት ተሰማ። ጐንበስ ብዬ ባይ፣ የጎረቤቲቱ አሮጊት ነጭ አንሶላ በገመዱ ላይ ግራጫ ሆኗል፤ እርሳቸውም ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይናገራሉ።

«ምን ይላሉ?» አልሁት ልጁን።

«‹ይህ ተራራ ከ1944 ወዲህ ፀጥ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ምን አስቆጣው?› እያሉ ነው፣ ጋሼ።»