ከኮፈን እስከ ሴንሰር

ከወልዲያ ወደ አላማጣ ሲኬድ የትኛው መንገድ ይረዝማል ቢባል፣ ካርታ የያዘ ሰው ጎብዬን፣ ሮቢትንና ቆቦን ቆጥሮ ኪሎ ሜትር ይደምራል። አሮጌ ኮሮላው በጠራራ ፀሐይ ዋጃ ላይ የጠፋችበት መንገደኛ ግን ሌላ መልስ አለው፤ ረጅሙ መንገድ ከኮፈኑ እስከ ክራንክ ሴንሰሩ ያለው፣ ክንድ የማይሞላው ነው። መካኒክ ከዕቃው ይልቅ ለእጁ ብዙ ሲጠይቅም የሚያስከፍለው ይህንኑ መንገድ ስለሆነ ሊያስቆጣን አይገባም።

ዋጃ ላይ ኮፈን ከተከፈተ ባለሙያ አይታጣም። አንዱ ባትሪውን፣ ሌላው የቤንዚን ፓምፑን፣ ሦስተኛው ቆቦ የተቀዳውን ቤንዚን ይከሳል። ሞተሪኖው ደህና ከዞረ ግን ባትሪው ነጻ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ የዙር ቆጣሪው መርፌ ከዜሮ ካልተነቃነቀ ደግሞ ጥርጣሬው ክራንክ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ይህ ትንሽ ዕቃ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው፤ ከክራንኩ ጋር የሚዞሩትን ጥርሶች እየቆጠረ፣ ብልጭታውና ነዳጁ መቼ እንደሚለቀቁ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ሽቦው ውስጥ ውስጡን ከተሰነጠቀ ሙቀት ክፍተቱን ያሰፋዋል፤ ወሬ የተቋረጠበት ኮምፒውተርም ሁለቱንም ይዘጋል። ሲቀዘቅዝ ሽቦው ይገናኝና መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ምስጋናው ታዲያ መጨረሻ ላይ ለነካት ሰው ይሆናል።

«ከተነሳች ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖራል። ከአላማጣ በላይ ግራት ካሕሱ አለ፤ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። «በኮምፒውተር ትመርመር» ለሚለውም፣ መመርመሪያው ፒ0335 የሚል ኮድ ቢያወጣ የሚከሰው የሴንሰሩን መስመር በሙሉ ነው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ፣ የሽቦው ወይስ የሶኬቱ መሆኑን የሚለየው እዚያ ድረስ የዘለቀ እጅ ነው። «ሽጣትና ሌላ ግዛ» የሚለው ምክር ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ከጣለ ወዲህ ለመናገር እንጂ ለመፈጸም አይቀልም።

የሚቀረው ትልቁ ክርክር «ብሎኑ አንድ አይደል?» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ባለ 10 ብሎን ብቻ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ መኪናዋን በክሪክ ማንሳት፣ ጎማና የጭቃ መከላከያ መፍታት አለ፤ ሴንሰሩ ከሞተሪኖው ኋላ የተደበቀባቸው መኪኖች ላይ ሞተሪኖውም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ዓይን አያይም፤ ሥራው የጣት ነው። ለዓመታት ሙቀትና ዘይት ያጣበቁት ሴንሰር በጉልበት ከተሳበ ይሰበርና ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ የአንድ ብሎን ሥራ የሞተር ሥራ ይሆናል። ይህ ሁሉ ተነግሮት አሁንም የእጅ ዋጋው በዛ የሚል ባለመኪና ካለ፣ ባለ 10 ቁልፉን ተቀብሎ በጀርባው ይተኛና ራሱ ይሞክረው። ብሎኑን ገና ሳያገኘው ቅናሽ መጠየቁን ይተዋል።